የእሜቴ አንገትና የሐሙስ ቋጠሮ

አቃቂ፣ ረቡዕ፣ ጥር 1971 ዓ.ም.

ውድ ላጢፋ፣

«እንዴት ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እንዴት እንደሰነበትሽ አለማወቄ ነው እኮ ሳምንቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ። ስለዚህ ከእኛ ልጀምርልሽ። እኔ አለሁ። እናትሽ እማ ዙለይኻ ጉልበታቸውን ከሚቆረጥማቸው በቀር ደህና ናቸው። ግቢው እንደነበረ ነው፤ ቦኖው ዛሬም በሳምንት ሁለት ቀን ይደርቃል፣ እትዬ አማረች ዛሬም የሰፈሩን ሁሉ ያውቃሉ። እሜቴ ግን ታማለች።

ይኸው ወጣልኝ። ጥንቸልሽ ታማለች፤ ትዳን አትዳን አላውቅም። ይህን የምጽፍልሽ ክፍሌ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ በግራ እጄ እሷን ደግፌ ነውና ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረጂብኝ። ወደታሰርሽበት ቤት ወረቀት እንደማይገባ አውቃለሁ። ጽፌ ስጨርስ ከሣጥኗ ውስጥ፣ ከሣሩ በታች አኖረዋለሁ፤ ስትወጪ በእጅሽ ታወጪዋለሽ። እስከዚያ ሌላ እጅ እንዳያገኘው አንቺ ዱዓ አድርጊልኝ፣ እኔም ለአቡዬ ተስያለሁ።

ከፍርሃቴ ሁሉ ትልቁን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ኋላ ወኔ ያንሰኛል። ባለፈው ሐሙስ ጨርቁ ያለ ቋጠሮ ተመለሰ።

የቋጠሮው ነገር በእኛ በኩል እንዴት እንደተጀመረ የምታውቂ አይመስለኝም። እማ ዙለይኻ በየሐሙሱ ስንቅሽን ሲያደርሱ፣ ሳህኑ የሚጠቀለልበትን ነጭ ጨርቅ የማጥበው እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ዓይን ደክሟል። አንድ ጊዜ ልብ ሳልል የእሜቴ ጸጉር ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ሄደ። ጨርቁ ሲመለስ ጸጉሩ የለም፤ አንዱ ጫፍ ግን ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሯል። በሚቀጥለው ሐሙስ ሆን ብዬ ቁንጣሪ ጸጉር ከጠርዙ ስፌት ውስጥ ወሸቅሁ፤ ጸጉሩ ቀርቶ ቋጠሮው መጣ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ እኔ «እሜቴ ደህና ናት» እልሻለሁ፣ አንቺ «እኔም አለሁ» ትይኛለሽ። ለማንም አልተነፈስኩም። ለእናትሽ እንኳ።

ባለፈው ሐሙስ ሳህኑ ባዶውን መጣ፤ ጨርቁ ግን አልተቋጠረም። ስፌቱን ብፈታው ጸጉሩ እንዳስቀመጥሁት ተኝቷል። ምግቡን ማን እንደበላው እንጃ። እማ ዙለይኻ ሳህኑን እያገላበጡ «ጥርግ አድርጋ በልታለች፣ አልሐምዱሊላህ» ሲሉ፣ እኔ ጨርቁን ከብብቴ ሥር ይዤ «እሰይ፣ እማ» አልኩ። ያቺ «እሰይ» ከየት እንደወጣችልኝ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እሜቴን አንገቷን ወደ ግራ ዘመም አድርጋ አገኘኋት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ አማረች ሬዲዮ ይጮህ ስለነበር «ዜና እየሰማሽ ነው ወይ?» አልኳት። ካሮት ሰጠኋት። ልትነክሰው ስትል አፏ ካሮቱን ስቶ አየር ነከሰ፤ ደግማ ሳተችው፤ በሦስተኛው አገኘችው። እኔ ሞኟ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ያኔውኑ መሮጥ ነበረብኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ከሣጥኗ አወጣኋት። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ በግራ ጎኗ ወደቀች፣ ልነሣ ብላ እንደ በርሜል ተንከባለለች፤ ከአልጋው እግር እስከ በሩ። ስትቆም ደግሞ ዓይኖቿ አይቆሙም፤ ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ፣ ልክ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ። አባትሽ ጋሽ ጁማ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በጭነት መኪናቸው ጋቢና በሳሙና ካርቶን ከናዝሬት ያመጡልሽ ጥንቸል! በግቢው ውስጥ እንደ ባላባት ሚስት እየተንጎራደደች «እሜቴ» ያሰኘችሽ! እትዬ አማረች «በዚህ ዘመን እሜቴ አይባልም፣ ቀበሌ ይሰማችኋል፣ ጓዲት በሏት» ያሉን ጊዜ እንዴት እንደሳቅን ትዝ አለኝ። እሷ ግን እግሬ ሥር ትንፈራገጣለች።

ጩኸቴን ሰምተው እትዬ አማረች መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲጥለው አይቻለሁ፤ ጥንቸል ሲጥላት ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አሉ። ከዚያ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «እንዳትነኪያት። ምራቋ ከነካሽ ይተላለፍብሻል። ይልቅ ክብሪት አምጪ።»

ላጢፋ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ግን የሚጥለው ሰው ክብሪት ይጫርለታል ሲባል ነው ያደግሁት፤ በፋብሪካችንም ስንት ጊዜ አይተናል። እጄ አላመነታም። ክንዴን ዘርግቼ፣ ፊቴን አዙሬ፣ አንድ ጫርኩና ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አደረግሁ። ሁለተኛ ጫርኩ። ሦስተኛውን ነበልባሉ ሳይጠፋ አስጠጋሁት መሰለኝ የግራ ጢሟ ተንጨረጨረ፤ ዘላ ራሷን ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር አላተመችው። ያኔ ጮኸች። ጥንቸል ድምፅ የላትም እንል አልነበር? አላት። የሕፃን ድምፅ ነው ያላት።

እትዬ አማረች ሦስት ጊዜ አማትበው ወጡ፤ ከደቂቃ በኋላ የግቢውን ልጆች ከደጄ ሲያባርሩ ሰማኋቸው። እኔም ብሆን ከዚያ በኋላ አልነካኋትም። በመጥረጊያ ጫፍ ወደ ጥግ ገፋኋትና ቅርጫት ደፋሁባት። ሰኞ የጠዋት ፈረቃ ነበረኝ፤ ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ጫንኩና ሄድኩ። ያለ ውኃ፣ ያለ ሣር። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል።

ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ሰው የሚያስበውን የሚሰማው ስለሌለ ደህና ነበር። ያን ቀን ግን ክር በተበጠሰ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አንድም ቀን ግን አልተነጋገርንበትም፣ የምንነጋገርበት ጊዜም አልተሰጠንም። ቦኖው ጋ የወሰዱሽ ቀን። ባልዲሽን እንደያዝሽ ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ክንድሽን ሲይዙሽ ተንገዳገድሽ፤ ትከሻዬን ልትይዢ እጅሽን ዘረጋሽ። እኔ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄድኩ። አንድ እርምጃ ብቻ። በጉልበትሽ ወደቅሽ፤ ውኃው እግሬ ድረስ መጣ። ድሮ በፋብሪካችን የጥጥ እስር ይሸከም የነበረው ሳህሌ፣ ያን ቀን ጠመንጃ የያዘው፣ «ጓደኛሽ ናት?» ሲለኝ «ጎረቤት ናት» አልኩ። አንቺ ግን ስትሄጂ ዞር ብለሽ ያልሽው ስለ እሜቴ ነበር። «ወለቴ፣ እሜቴን አደራ» ነበር ያልሽው። ለዚያች አንድ እርምጃ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ ቅርጫቱን አነሣሁት። በጎኗ ተኝታለች። አንድ ዓይኗ ክፍት ነው፤ አቧራ ገብቶበታል፣ አትጨፍነውም። ሞታለች አልኩ። ከዚያ ሆዷ ከፍ፣ ዝቅ አለ። ከአልጋው ራስጌ የተውሽውን ሽርጥ አወረድኩና ጠቅልዬ ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። ምራቋ እጄን ነካኝ። ይንካኝ አልኩ። ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይሮጣል፤ ሽርጥሽን ስታሸት ግን ጥቂት ረጋ አለች። አንቺን እየፈለገች መሰለኝ።

ማክሰኞ ከፈረቃ መልስ የከብት ሐኪም ቤት ልወስዳት ተነሣሁ። ቦታው ከሐዲዱ ማዶ ነው፤ የሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ደግሞ ፍተሻ አለ። የተሸፈነ ቅርጫት ይዞ በዚያ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማቋረጫው ጋ ደረስኩ። ቆሞ የሚፈትሸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሳህሌ።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ጥንቸል ናት። ታማብኝ ነው።»

በአፈሙዙ ጫፍ ሽርጡን ገለጥ አደረገ። ብርሃኑ ሲነካት እሜቴ ቅርጫቱ ውስጥ ተገለባበጠች፤ ሰውዬው ዘሎ ወደኋላ ሸሸ። የሚጥል በሽታ ነው ብለውኛል፣ ምራቋ ይተላለፋል አልኩት። ሳይነካት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሰው፣ ክብሪት የሚጫርለትን በሽታ ሲፈራ አየሁ፤ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ከዚያ ግን ትክ ብሎ አያት።

«ይቺ የዚያች ልጅ ጥንቸል አይደለችም?»

ሽርጡን መልሼ አለበስኳት።

«የማን ናት ነው የምልሽ?»

«የጓደኛዬ ናት» አልኩ። «የላጢፋ።»

ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ጮክ ብሎ ተሰማኝ። ከኋላዬ ጀሪካን ይዛ የቆመች ሴት ፈቀቅ አለች። ሳህሌ «ጓደኛዬ ነው ያልሽው?» ብሎ ደገመልኝ፤ «አዎ» አልኩ። «ሂጂ» አለኝ መጨረሻ ላይ። «ስትመለሺም የምታልፊው በዚሁ ነው።» ምክር ይሁን ዛቻ እስካሁን አልገባኝም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች።

ሐኪሙ ጋሽ አሻግሬ ይባላሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የጋሪ ፈረሶች ታስረው ነበር፤ ከቅርጫቴ ጥንቸል ሲወጣ ቆባቸውን ወደኋላ ገፍተው «ይህን ሁሉ ዘመን ከብት ሳክም ጥንቸል ያመጣችብኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አሉ። ባትሪ አብርተው ጆሮዋን አዩ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸውን ቋጠሩ። የሚጥል በሽታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን የሚጥል በሽታ። ጆሮዋ ነው። ከውስጥ መግል ይዟል። ፍጡር ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእግሩ ብቻ መስሎሽ ነው? ሚዛኑ ያለው ከጆሮ ውስጥ ነው። እሱ ሲታመም መሬቱ የሚዞርባት ይመስላታል፤ የምትንከባለለው መሬቱን ልይዝ ብላ ነው እንጂ አብዳ አይደለም።»

ከዚያ በጣታቸው ጢሟን ነካ አደረጉ። «ይህን ምን አቃጠለው?» ክብሪቱን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «የኔም እናት ለታናሽ ወንድሜ ትጭርለት ነበር» አሉና ወደ መድኃኒቱ ዞሩ። ፔኒሲሊን በመርፌ ወጓት። ይህንኑ መድኃኒት በአፏ የሰጠኋት እንደሆን ሆዷን እንደሚገድለው ሁለቴ አስጠነቀቁኝ። በሁለቱም ጎኗ ጨርቅ ጠቅልዬ እንደ መከዳ እንድደግፋት፣ ጎመንና ካሮት በሙቀጫ ወቅጬ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በአፏ ጥግ ጠብ ጠብ እንዳደርግላት፣ ድንገት ብድግ እንዳላደርጋት ነገሩኝ። ስወጣ ጠርተው ያሉኝ ግን ከሁሉ ይብሳል።

«ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ካልበላች በጆሮዋ ሳይሆን በሆዷ ነው የምትሞተው። በጠጧን እይ። በጠጥ እስካለ ተስፋ አለ፤ ከቆመ ፍሪ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ በብስክሌት ጎራ ብዬ እወጋታለሁ፤ አንቺ በዚያ በፍተሻው አትመላለሺ።» የነገርኳቸው ነገር አልነበረም። ፊቴ ላይ አይተውታል።

እንዲህ ሆነን እንገኛለን፣ ላጢፋዬ። እናትሽ ሳህን ያገላብጣሉ፣ እኔ ሣር እያገላበጥኩ በጠጥ እፈልጋለሁ። ከትናንት ማታ ወዲህ አንድም የለም።

ነገ ደግሞ ሐሙስ ነው። ጨርቁን አጥቤ አጣጥፌዋለሁ፤ ስፌቱ ግን ገና ባዶ ነው። ከታመመች ጥንቸል ጸጉር ወስጄ «ደህና ናት» ልበልሽ? ባዶውን ብልከውስ፣ ሞተች ብለሽ ታስቢ የለ? ጨርቁን ለመቀበል እዚያ መኖርሽንስ በምን አውቃለሁ? አንድ ሰዓት ያህል ጨርቁን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ከእሷ አልነቀልኩም። ሽርጥሽ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ጸጉር ለቃቅሜ ከስፌቱ ወሸቅሁት። ከሁለታችሁም ይሁን ብዬ ነው።

እሑድ

ይኸው ተመልሼ መጣሁ። እጄ ዛሬ ከረቡዕ ይሻላል።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ከሣጥኑ አጠገብ ብድግ ስል መሬቱ ዞረብኝ፤ የእሜቴ በሽታ ያዘኝ ብዬሽ ልስቅ እችላለሁ፣ ያኔ ግን አልሳቅሁም። ደብዳቤውን ከሣሩ ሥር ገፋሁና «ማነው?» አልኩ። ጋሽ አሻግሬ ነበሩ፣ ብስክሌታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው። ሣጥኑን አይተው በጠጥ እንደሌለ ስነግራቸው ሣሩን በእጃቸው ደግመው አገላበጡ። የእሳቸው ፍለጋ ከሳህሌ ጥያቄ ይበልጥ አስፈራኝ። ወጓት፣ ሆዷን በሁለት ጣት እንዴት በቀስታ እንደማሽላት አሳዩኝና ሄዱ።

ከፈረቃ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ስወቅጥ፣ ጠብ ሳደርግ፣ ሳሽ ዋልኩ። ከምሰጣት ግማሹ በአገጯ ይፈሳል። ከቀትር በኋላ እትዬ አማረች በሩ ላይ ቆመው የጥቅል ጎመን ቅጠል ወረወሩልኝ። «ለእንስሳዋ ብዬ ነው፣ ላንቺ አይምሰልሽ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «አይተላለፍም አሉ እንዴ ሐኪሙ?» አይተላለፍም ስላቸው ሙቀጫውን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው መውቀጥ ጀመሩ፤ እየወቀጡም የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ አወረዱልኝ። ማን ከማን እንደተጣላ ስትመጪ ከራሳቸው ትሰሚዋለሽ።

እማ ዙለይኻ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ከሩቅ ሳያቸው ጨርቁን ከእጃቸው ልቀማ ሮጥኩ። ስፌቱን ሳልደርስበት ጣቴ ጫፉን አገኘው። ቋጠሮ። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላውን ጫፍ ብዳብሰው ሌላ ቋጠሮ። ሁለት ነበሩ፣ ላጢፋ። አንዱ ጥብቅ ያለ ነው፣ ያንቺው የወትሮው። ሁለተኛው ግን ላላ ብሎ፣ ጠመም ብሎ ነው የታሰረው። ያለፈውን ሳምንት መተካትሽ ይሆን? ያለፈው ሳምንት ምን ሆነሽ ነበር? እጅሽን ምን ነካብኝ? ደስታዬ ውስጥ ይህ ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰንቅሮ ቀርቷል፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ አንቺም ከጨርቅ በቀር አፍ የለሽ።

ያን ጊዜ ለእናትሽ ሁሉን ነገርኳቸው። ስምንት ወር መደበቄን፣ ያለፈውን ሐሙስ፣ ቦኖው ጋ ያደረግሁትን ጭምር። እየሰሙ ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ዳበሷቸው። ከዚያ የሁለት ሰው እራት አቀረቡና «ብዪ» አሉኝ። ጨርቁንም እንዳላጥበው ከለከሉኝ፤ ከትራሳቸው ሥር ነው ያለው። ለሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ጨርቅ ቀደዋል።

እሜቴ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሆዷ ተፈታ። ምስር የሚያክሉ፣ ጠማማ ጥቁር በጠጦች፣ ጥቂት ናቸው። ከእትዬ አማረች ጋር ባትሪ ይዘን እንደ ወርቅ አየናቸው። ዛሬ ዓይኖቿ መወርወራቸውን ትተዋል። በመከዳዎቿ መሃል በራሷ ትቆማለች፣ ጎመኑንም በሁለተኛው ሙከራ ታገኘዋለች። አንገቷ ግን እንደዘመመ ነው። ጋሽ አሻግሬ እንደዚያው ሊቀር ይችላል፣ ሕመሙም ሊመለስባት ይችላል ብለውኛል፤ ስለዚህ ድናለች ብዬ አልዋሽሽም። ሳህሌም ትናንት በግቢያችን በር ላይ አለፈ። ቆም ብሎ ወደ ውስጥ አየና ሄደ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትወጪ ሮጠሽ አታንሺያት፤ መሬቱ ይዞርባታል። ተቀመጪና እጅሽን መሬት ላይ ዘርጊላት፣ አሽትታሽ ራሷ ትምጣ። እኔ ቦኖው ጋ እቆማለሁ። ያን ቀን እግርሽ ከተንገዳገደ፣ ትከሻዬ ካለበት አይነቃነቅም።

ጓደኛሽ፣
ወለተሥላሴ